ግንቦት ሲገባ የውሻችሁን ቤት እዩት

ድሬ ዳዋ ከምሳ በኋላ ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቃል። ሱቁ ይዘጋል። ባጃጁ ዛፍ ሥር ይጠጋል። ሰው ሽርጡን አገልድሞ፣ ቬንትሌተሩን ወደ ራሱ አዙሮ ጋደም ይላል። እስከ 10 ሰዓት ድረስ ከተማው ጭር ይላል።

በዚያ ሰዓት ከተማውን አቋርጦ በሚያልፈው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ በሆነው የደቻቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ብታዩ ውሾች አይጠፉም። ባለቤት የላቸውም። ባለፈው አንዱን ቆሜ አየሁት። ጥላው ውስጥ ገብቶ አሸዋውን በፊት እግሮቹ ይጭራል። ላዩ ትኩስ ነው። ስንዝር ያህል ሲቆፍር ጠቆር ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ አሸዋ ወጣ። ያኔ ሁለት ጊዜ ዞር ዞር አለና ሆዱን ጉድጓዱ ላይ ለጥፎ ተዘረጋ። የኋላ እግሮቹን እንደ እንቁራሪት ወደ ኋላ ዘረጋቸው። ማንም አላስተማረውም።

ከዚያ ወደ አንዱ ግቢ ግቡ። እዚያ ያለው ውሻ ባለቤት አለው፣ ምግብ አለው፣ ስምም አለው። ሰንሰለቱ ግን ሁለት ሜትር ነው። ጠዋት ሲታሰር ቦታው ጥላ ነበር። አሁን ፀሐይ ነው። መሬቱ ሲሚንቶ ስለሆነ አይቆፈርም። የውሃ ጣሳው ተደፍቷል። መሄድ አይችልም፤ መናገርም አይችልም። ይህን የምጽፈው ለእሱ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ስለ ወቅቱ እንነጋገር። ደገኛው በጋ የሚለው ከጥቅምት ጀምሮ ያለውን ደረቅ ወራት ነው። ለድሬ ውሻ ግን ታኅሣሥና ጥር የምቾት ጊዜ ናቸው። ጭንቁ የሚጀምረው ሚያዝያ ላይ ነው፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይከፋል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። አዲስ አበባ በሰኔ ካፖርት ሲያወጣ እኛ አልጋችንን ወደ በረንዳ እናወጣለን። ስለዚህ ከሌላ ከተማ የተጻፈ ምክር ስታነቡ ወሩን ወደ ድሬ አስተካክላችሁ አንብቡት።

ሐረር ሌላ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለ አየሩ ለውሻም ለሰውም ይመቻል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከሐረር ተነስተው በደንገጎ ጠመዝማዛ ሲወርዱ ጆሮ የሚደፍነው፣ መስኮት የሚያስከፍተው ይኸው የከፍታ ልዩነት ነው። ከሐረር ወይም ከአዲስ አበባ ቡችላ አምጥታችሁ ድሬ ስታሳድጉ ይህን አስቡት። ሰውነቱ አዲሱን ሙቀት ለመልመድ ሳምንታት ይፈጅበታል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንደ እንግዳ ያዙት፤ ሩጫ የለ፣ የቀን ጉዞ የለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ውሻ ለምንድን ነው ከእኛ ይልቅ በሙቀት የሚጎዳው?

እኛ ሲሞቀን ያልበናል። ላቡ ከቆዳችን ላይ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ነገሩን በቅርብ ማየት የፈለገ እንስራን ያስብ። እንስራ ውስጥ ያደረ ውሃ ፕላስቲክ ጀሪካን ውስጥ ካደረው ይልቅ ቀዝቃዛ ነው። ሸክላው ትንንሽ ቀዳዳ ስላለው ውሃው ወደ ውጭ ያወዛል። ያወዛው ውሃ ሲተን የእንስራውን ሙቀት ይወስዳል። የሰው ቆዳም እንደዚያ ነው፤ ሁለመናችን ያወዛል።

የውሻ ቆዳ ግን እንደ ጀሪካኑ ነው። ትንሽ ላብ የሚያልበው መዳፉ ላይ ብቻ ነው። ያ ደግሞ ሰውነቱን ለማቀዝቀዝ አይበቃም። ስለዚህ የቀረው እርጥብ ቦታ አፉ፣ ምላሱ፣ አፍንጫውና የመተንፈሻ ቧንቧው ነው። እዚያ ላይ አየር ቶሎ ቶሎ ያመላልሳል፤ ምራቁ ይተናል፣ ደሙ ይቀዘቅዛል። ማለክለክ ማለት ይህ ነው። በሰላሙ ጊዜ ጋደም ያለ ውሻ በደቂቃ ከ15 እስከ 30 ጊዜ ይተነፍሳል። ሲያለከልክ 300 ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ያንን ሁሉ ሥራ የሚሠራው በአንዲት ጠባብ በር ነው።

የውሻ ጤናማ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከእኛ አንድ ዲግሪ ያህል ይበልጣል። ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ነው የሚሄደው። ሐረር ላይ አየሩ 20 ዲግሪ ሲሆን ከውሻው ሰውነት ሙቀት በራሱ ይወጣል። ድሬ ላይ አየሩ 35 ሲሆን ልዩነቱ ሦስትና አራት ዲግሪ ብቻ ነው። ቆርቆሮ ሥር ያለው አየር 40 ሲያልፍ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሙቀቱ ከአየሩ ወደ ውሻው መግባት ይጀምራል። ያኔ የሚያድነው ትነት ብቻ ነው። ለትነት ደግሞ ውሃ ያስፈልጋል።

የድሬ አየር አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ መሆኑ ይጠቅማል፤ ምራቅ ቶሎ ይተናል። የሚያስፈራው ዝናብ ሊመጣ ሲል ያለው ወበቅ ነው። ደመና ሸፍኖት ፀሐይዋ ጠፍታ ሳለ ሰው የሚጨነቅበት ቀን አለ አይደል? አየሩ በእርጥበት ስለሞላ ትነቱ ይዘገያል። ውሻው ያለከልካል፣ ያለከልካል፣ አይቀዘቅዝም። ብዙ ሰው «ዛሬማ ደመና ነው» ብሎ የሚዘናጋው በዚያ ቀን ነው።

ይህ ከገባን አንድ ነገር ወዲያው ግልጽ ይሆናል። አፉ በገመድ ወይም በጨርቅ የታሰረ ውሻ የማቀዝቀዣው በር ተዘግቶበታል። «ይነክሳል» ብላችሁ አፉን ማሰር ካለባችሁ አፉን ከፍቶ ማለክለክ የሚያስችል ሰፊ ቅርጫት መሳይ ይሁን፤ ለአጭር ጊዜም ይሁን። አፍንጫቸው ጭፍልቅ ያለ የፈረንጅ ውሾችም በተፈጥሮ ያ በር ጠቦባቸዋል። ድሬ ላይ እነሱን ማሳደግ ከባድ ነው። ሳይገዙ በፊት ቢታሰብበት ደስ ይለኛል። ያረጀ፣ የወፈረ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ልቡን ወይም ሳንባውን የሚያመው፣ ገና ቡችላ የሆነም ቶሎ ይጎዳል።

ፀጉሩንስ እንላጨው? ብዙዎች ይጠይቃሉ። ጀርመን ሸፐርድን የመሰሉ ወፍራም ፀጉር ያላቸውን አትላጩ። ያ ፀጉር ከውጭ የሚመጣውን ፀሐይ የሚመክት ጥላም ነው፤ ሲላጭ ቆዳው ይቃጠላል። የሚጠቅመው ማበጠር ነው። ከሥር የሞተው ፀጉር ሲወጣ አየር ይገባል።

ወደ ውሻ ቤቱ እንሂድ፤ ከሁሉ በላይ ልቤን የሚበላው እሱ ነው።

እኛ አገር ውሻ በአብዛኛው ቀን ይዘጋል፣ ማታ ይፈታል። ሌባ እንዲጠብቅ ነው። ቤቱ የሚሠራው ከቤት ሥራ በተረፈ ቆርቆሮ ነው፤ ዙሪያውን ቆርቆሮ፣ ጣሪያውም ቆርቆሮ፣ አንድ ጠባብ በር። አዲስ አበባ ላይ ይህ ከብርድ ያድነዋል። ድሬ ላይ ግን ምድጃ ነው። ካላመናችሁ ግንቦት ላይ በ8 ሰዓት እጃችሁን ወደ ውስጥ አስገቡና ጣሪያውን ከሥር ንኩት። እኔ ነክቼ እጄን መልሼ ስቤዋለሁ። ውሻው ግን እዚያ ውስጥ አምስት ስድስት ሰዓት ይቆያል።

ማፍረስ አያስፈልግም። ከጣሪያው በላይ አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ትታችሁ ሁለተኛ ጥላ ሥሩ። ሰሌን ይሁን፣ ሣር ይሁን፣ ጆንያ ይሁን፤ እንጨት ላይ ዘርጉት። ፀሐይዋን የላይኛው ይቀበላል፣ በመሃል ነፋስ ያልፋል፣ የታችኛው ቆርቆሮ አይግልም። ክፍተቱን አትርሱት። ሰሌኑን ቆርቆሮው ላይ በቀጥታ ካነጠፋችሁት ጥቅሙ ግማሽ ነው። ከዚያ ሁለት ተቃራኒ ጎኖችን ክፈቱ፤ አንድ በር ብቻ ካለው ነፋስ ገብቶ አይወጣም። በቆርቆሮው ፋንታ የብረት ሽቦ ይበቃል። ቤቱን ከመሬት በድንጋይ ወይም በብሎኬት ከፍ አድርጉት። ጣሪያውን ነጭ ቀለም ብትቀቡት ደግሞ ለውጡን እጃችሁ ራሱ ይነግራችኋል።

ቦታው ላይ አንድ ስህተት አለ፤ እኔም ዓመታት ቆይቼ ነው የነቃሁት። ጥላ ይንቀሳቀሳል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ያላስተዋልነው ጥላ በቀን ውስጥ ብቻ ሳይሆን በዓመት ውስጥም ቦታ መቀየሩን ነው። ድሬ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ናት። በታኅሣሥና በጥር የእኩለ ቀን ፀሐይ በስተደቡብ ታዘነብላለች፤ ያን ጊዜ ከቤቱ ሰሜናዊ ግድግዳ ሥር ጥላ ይኖራል። ሚያዝያ ላይ ፀሐይ በአናታችን ላይ ታልፍና ወደ ሰሜን ትሻገራለች፤ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማም እዚያው ትቆያለች። ስለዚህ በጥር ጥላ የነበረው የሰሜኑ ግድግዳ በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ ይበዛበታል። ያኔ የእኩለ ቀኑ ጥላ በደቡብ በኩል ነው፤ እሱም አጭር ነው። ውሻውን በጥር አስበን ያሰርንበት ቦታ በሰኔ ይጠብሰዋል ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። አንድ ቀን እሑድ በ4 ሰዓት፣ በ6 ሰዓት፣ በ8 ሰዓትና በ10 ሰዓት ወጥታችሁ ጥላው የት እንዳለ እዩ። በአራቱም ጊዜ ጥላ ያለበት ቦታ ካለ እዚያ አድርጉት። ከሌለ ሰንሰለቱን በሁለት ምሰሶ መካከል በተወጠረ ሽቦ ላይ አንሸራትቱለት፤ ከአንዱ ጥላ ወደ ሌላው ራሱ ይሄዳል። ከሁሉም የሚሻለው ግቢው ታጥሮ ውሻው ባይታሰር ነው። እንደ ደቻቱው ውሻ የሚያዋጣውን ይፈልጋል። የኒም ዛፍ ያላችሁ ደግሞ ታድላችኋል። በቅጠሉ መካከል ነፋስ ስለሚያልፍ የዛፍ ጥላ ከቆርቆሮ ጥላ ይሻላል። ከሥሩ ትንሽ አሸዋ ደፍታችሁ ጠዋት ጠዋት አንድ ጣሳ ውሃ ብታርከፈክፉበት ውሻው ቀኑን ሙሉ ከዚያ አይነሳም።

ስለ ውሃ ትንሽ ልበል። ሃያ ኪሎ የሚመዝን ውሻ በደህናው ቀን አንድ ሊትር ያህል ይጠጣል። በሙቀት እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ድሬ ላይ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሰው ለራሱ ሲያጠራቅም የውሻውን ይረሳል። ከጀሪካኖቹ አንዷ የእሱ ትሁን። ማስቀመጫው ቢቻል አሮጌ የሸክላ ድስት ይሁን። ከባድ ስለሆነ አይደፋም፤ እንደ እንስራውም ውሃውን ቀዝቀዝ አድርጎ ያቆየዋል። ጥቁር ፕላስቲክና የቆርቆሮ ጣሳ ፀሐይ ላይ ከቆዩ ውሃው ሻይ ይሆናል፤ ውሻውም ትቶት ይሄዳል። ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ቢደፋ አንዱ ይቀራል።

ምግቡን ጠዋት በማለዳና ማታ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ስጡት። የቀኑ ትራፊ እስከ ማታ ጣሳው ላይ ከቆየ ይበላሻል። ወጥ የተለወሰ እንጀራ ደግሞ ባይሰጥ ይሻላል። የኛ ወጥ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ፤ ቢበስሉም ያው ናቸው። አንድ ጉርሻ አይገድልም፤ በየቀኑ ሲሆን ግን ደሙ ያልቃል።

በእግር ማንሸራሸር ያለባችሁ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ወይም ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ። በፀሐይ የጋለ አስፋልት ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። እናንተ ጫማ አላችሁ፤ እሱ ባዶ እግሩን ነው። የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አድርጋችሁ እስከ ሰባት ቁጠሩ። ካልቻላችሁ እሱም አይችልም። አስፋልት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ማታም ንኩት።

መኪና ውስጥ ለአምስት ደቂቃም አትተዉት። የውጭው ሙቀት 32 ዲግሪ ሲሆን የቆመ መኪና ውስጥ በ10 ደቂቃ 43 ይደርሳል። መስኮቱን ጣት የሚያስገባ ያህል መክፈት ይህን አይለውጠውም። ሐረርም ቢሆን ይሠራል፤ ውጭው 24 ዲግሪ ሲሆን እንኳ ውስጡ በ10 ደቂቃ 34 ይሆናል። «ሐረር ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ሸዋ በር አካባቢ መኪና አቁሞ ገበያ መግባት አያዋጣም።

አሁን ደግሞ ማንም እንዲደርስበት የማልፈልገው ነገር።

የዛሬ ስንት ዓመት ቦቢ የሚባል ውሻ ነበረን። ሰኔ ነው፣ ወበቅ ያለበት ቀን። ግቢ ውስጥ ሠራተኞች ሲሚንቶ ያቦኩ ስለነበር እንዳይነክሳቸው ብለን ቤቱ ውስጥ ዘጋንበት። በ9 ሰዓት ገደማ ወንድሜ ሊያየው ሄዶ ጮኸ። ቦቢ ተዘርግቷል። የሚያለከልከው ከሆዱ ነው፤ ድምፁ እንደ መጋዝ ይጮሃል። ልሃጩ እንደ ሙጫ ወፍሮ ከአፉ ተንጠልጥሏል። ድዱን ገልጬ ሳይ እንደ ሸክላ ቀልቷል። ሊነሳ ሞከረና የኋላ እግሮቹ ከዱት።

ያን ቀን ያደረግነው ስህተት ተሸክመን ወደ መኪና መሮጣችን ነው። መኪናው ፀሐይ ላይ የቆመ ነበር። እስክናቀዘቅዘው ድረስ መንገድ ላይ ብዙ ደቂቃ ጠፋ። ቦቢ በማግስቱ ሞተ።

ዛሬ የማውቀው ይህን ነው፦ መጀመሪያ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ ውሰዱት። ጥላ ውስጥ አስገቡት። ያገኛችሁትን ውሃ ሁሉ አፍስሱበት፤ ከሮቶም፣ ከጀሪካንም። ከላይ ፀጉሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ሆዱን፣ ብብቱን፣ የእግሮቹን ውስጥ አርሱት። ውሃው የግድ በረዶ መሆን የለበትም፤ ከእሱ ሰውነት ከቀዘቀዘ ይሠራል። እያረሳችሁ ቬንትሌተር አዙሩበት፤ መብራት ከሌለ በካርቶን አራግቡ። የሚያቀዝቅዘው ትነቱ ስለሆነ ነፋሱ ከውሃው እኩል ያስፈልጋል። እርጥብ ፎጣ አልብሳችሁ አትተዉት። ፎጣው ራሱ ይሞቅና እንደ ብርድ ልብስ ሙቀቱን ያፍናል። ራሱ መጠጣት ከቻለ ትንሽ ትንሽ ውሃ ስጡት። ካልቻለ ወደ አፉ አታፍስሱ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ማለክለኩ ሲረጋጋ፣ ዓይኑ ሰው ሲያይ፣ ማፍሰሱን አቁሙ፤ ከልክ በላይ መቀዝቀዝም አለ።

ከዚያ ደህና ቢመስልም ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂድ። ይህን በጣም አደራ የምለው ለዚህ ነው፦ ሰውነቱ 41 ዲግሪ ሲያልፍ ጉዳቱ ውስጥ ይገባል። ኩላሊት፣ ጉበት፣ አንጀት፣ አእምሮ፣ የደም መርጋት ሥርዓቱ ሁሉ ይነካል። ይህ የሚታየው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ሊሆን ይችላል። ተነስቶ ጭራውን የቆላ ውሻ በማግስቱ ደም ሊያስቀምጠው ይችላል። የሐኪሙን ስልክ ዛሬ ያዙት፤ በዚያን ሰዓት መፈለግ አይቻልም። ድሬ ላይ ካላገኛችሁ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፤ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።

ፓራሲታሞል አትስጡ። «ትኩሳት ነው» ተብሎ ስንቱ ይሰጣል መሰላችሁ። ትኩሳትና በሙቀት መመታት አንድ አይደሉም። ትኩሳት ሲሆን ሰውነት በሽታ ለመዋጋት ብሎ የራሱን ሙቀት ራሱ ከፍ ያደርጋል፤ መድኃኒቱ ያንን ትእዛዝ ይመልሳል። በሙቀት የተመታ እንስሳ ግን ሰውነቱ «ቀዝቅዝ» እያለ እየጮኸ ነው፤ ሙቀቱ ከውጭ አሸንፎት ነው። መድኃኒቱ የሚመልሰው ትእዛዝ የለም። ጉዳት ግን ያደርሳል። ለድመት አንዲት ክኒን ፓራሲታሞል ገዳይ ናት። ኢቡፕሮፌንና አስፕሪንም የተጎዳውን ጨጓራና ኩላሊት ይብስ ያደሙታል።

አንድ ጥንቃቄ ለራሳችሁ። ልሃጩ የሚዝረከረክ፣ የሚንገዳገድ ውሻ ሁሉ ሙቀት የመታው አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታም እንደዚያ ያደርጋል። የማታውቁት የመንገድ ውሻ ከሆነ እጃችሁን ወደ አፉ አታስጠጉ፤ ከርቀት ውሃ ብታፈሱበት ይበቃል። ከነከሳችሁ ወይም ልሃጩ ቁስል ከነካ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። የራሳችሁን ውሻ በየዓመቱ አስከትቡ።

ድመቶችን ዘነጋሁ እንዳትሉ። ድሬ ላይ ድመት ያለበት ቤት ብዙ ነው። ድመት የበረሃ ዘር ናት፤ ቅድመ አያቷ የአፍሪካ የዱር ድመት ነው። በትንሽ ውሃ መኖር ትችላለች። ሲሞቃት ራሷን ትልሳለች፤ ምራቋ ሲተን ይቀዘቅዛታል። አሪፍ ቦታ በመምረጥም አትታማም፤ ሊሾ ወለል፣ ከአልጋ ሥር፣ ከእንስራው አጠገብ። ስለዚህ አፏን ከፍታ ስታለከልክ ካያችሁ እንደ ውሻ ተራ ነገር አድርጋችሁ አትዩት። ለድመት ያ የጭንቅ ምልክት ነው፤ እንደ ቦቢ ቁጠሩትና አቀዝቅዟት።

የበረሃ ዘር መሆኗ አንድ መዘዝም አለው። ጥማቷ ደካማ ስለሆነ በሙቀት ወራት ሽንቷ ይወፍራል። ወንድ ድመት ላይ ቧንቧው ጠባብ ስለሆነ ሊዘጋ ይችላል። ደጋግሞ ቁጢጥ እያለ ሽንት ካልወጣው፣ ካቃሰተ፣ ያ የቀን ቀጠሮ የሚሰጠው አይደለም፤ በአንድና በሁለት ቀን ይገድለዋል። ውሃውን ከምግቡ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡለት፤ ብዙ ድመቶች እንደዚያ ሲሆን የበለጠ ይጠጣሉ።

መዥገር ደግሞ በሙቀት ይባዛል። ውሻ ላይ የምናየው ቡናማው መዥገር ቤት ውስጥ የሚኖር ነው። ጠግባ የወደቀችው ሴት ግድግዳ ላይ ወጥታ ስንጥቅ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ለዚህ ነው ውሻውን ብቻ አጥቦ መገላገል የማይቻለው፤ የውሻ ቤቱ ስንጥቅም መደፈን አለበት። የተጣበቀውን በላምባ ወይም በሲጋራ አታስጨንቁት። በወረንጦ ከቆዳው ጥግ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ለከብት የሚሸጠውን መርጫ ሳትጠይቁ ለውሻ አትቀቡ። ለድመትማ ጨርሶ! ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒት ድመትን ይገድላል።

ስለ መንገዶቹ ውሾች ልጨምርና ልጨርስ። ድሬ ላይ ውሻ ወደ ቤቱ የማያስገባ ብዙ ሰው አለ፤ ሃይማኖቱም አይፈቅድለት ይሆናል። ግን ጎረቤታችን ያሉ ሐጂ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት ሲመለሱ አጋማሹ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን በራቸው ላይ በውሃ ይሞላሉ። ጥም ያቃጠለው ውሻ አይቶ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ የቀዳለትን፣ በዚያም ምሕረት ያገኘውን ሰው ታሪክ ለልጅ ልጆቻቸው ሲያወሩ ሰምቻለሁ።

እንደ ሐጂ ማድረግ የምትፈልጉ አንድ ነገር ጠብቁ። ድሬ በ2006 ዓ.ም. የደንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ያየች ከተማ ናት። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው እንደዚህ ባለ ትንሽ የቆመ ውሃ ውስጥ ነው። እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው ጠርዝ ከፍ ብሎ እቃው ግድግዳ ላይ ነው። እንቁላሉ ደርቆ ወራት ይቆያል፤ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። ስለዚህ በላዩ ላይ መጨመር አይበቃም። ሐጂ በየጠዋቱ አሮጌውን ውሃ የኒሙ ሥር ይደፉታል። ከዚያ ውስጡን በአሸዋና በጨርቅ ፈተግ ፈተግ ያደርጉትና ነው አዲሱን የሚሞሉት።